ጓሳ የበላች ብስክሌት

— ሄሎ?... ሄሎ?... አዎ፣ ቤት ነው። ማን ልበል?... ጽናት! አንቺ ነሽ? ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ቆይ፣ አንዴ ቆይኝ...

— አቶ ኃይለመስቀል፣ ልጄ ናት፣ ከፈረንሳይ። ብስክሌቷን እንደሚወስዷት ገና አልነገርኳትም፤ እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ። ይቀመጡ... ኧረ እዚያ አይደለም፣ የዚያኛው ወንበር እግር ይነቃነቃል።

— ይኸው መጣሁ። ደህና ነሽ ወይ?... እኔማ ደህና ነኝ። ጎረቤት ናቸው፣ አቶ ኃይለመስቀል፣ የበጎቹ ሐኪም።... ሰላም ብላዎታለች።... ሰላም ብለውሻል።... ለምን መጡ? እንዲያው ዝናቡ ሲያባራ ብቅ አሉ። አንቺ ንገሪኝ፣ የት ነሽ? የወፍ ድምፅ ይሰማኛል።

— ቦይ ዳር? የምን ቦይ?... ለጀልባ። ሰው ቆፍሮት?... አሃ፣ መንገዱም ድሮ ፈረስ ጀልባውን እየጎተተ የሚሄድበት ነበር። አሁን ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ ተዉት በይኛ።

— አንድም መኪና? ከጧት ጀምሮ?... እና ለዚህ ነው እስከ ፈረንሳይ የሄድሽው? መኪና የማያልፍበት መንገድ ለማየት? ከሞላሌ እስከ ራቤል መንገድ ላይ ስንት መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚህ እኮ አውቶቡሱ ሲያልፍ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነው የሚሸኘው።... ሳቂ፣ ሳቂ። ብታስቢበት ፈረንጆቹን ሁሉ ወደዚህ ይዘሽ መምጣት ነበረብሽ።

— ሜዳ ነው?... ሙሉውን? አቀበት የሚባል የለም?... እሱ ላይ እንኳ አልከራከርሽም። እዚህ ለጥ ያለ ነገር ብትፈልጊ ከጠረጴዛዬ በቀር አታገኚም፤ እሱም ያዘነብላል።

— ዛፎቹ ግራና ቀኝ... እና ቅርንጫፋቸው ከላይ ይገናኛል። ፀሐይ አይመታሽማ። እኛ ፀሐይ ካየን ሰነበትን።... ነጫጭ ላሞች። የሰው ቤትስ?... የውሃውን በር ለሚጠብቀው ሰው የተሠራ፣ አበባ የተተከለበት። ሰላም ይሉሻል?... እጃቸውን ብቻ ያነሳሉ? አንቺም ሳትወርጂ አለፍሽ?... ይገርማል። እዚህ ቢሆን እናትሽ እንዴት ናት፣ በጎቹ እንዴት ከረሙ፣ ገብሱ እንዴት ነው ሲባል ከአንድ መንደር ሳትወጪ ይመሽብሻል። አባትሽ እኮ አንድ ቀን... እና፣ ምሳ በላሽ?

— ዳቦና አይብ። ደህና ነው። የሚጠጣስ?... ጥሩ።

— ጽናት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ከደወልሽ ጀምሮ ያቺው አንዷ ወፍ ናት የምትጮኸው። እየነዳሽ ከሆነ ይቺ ወፍ እንዴት አድርጋ ነው የምትከተልሽ?... አየሽ! ምነው፣ ወደቅሽ?... እግርሽን አመመሽ?... እንግዲያው ምንድን ነው?... ጎማ። ተነፈሰ ወይስ ፈነዳ?... ፈነዳ። የኋላው።

— ማስቲሹስ፣ መለጠፊያውስ?... ጓደኞችሽ ይዘውት ቀደሙ።... ደውይላቸዋ።... አያነሱም። እንግዲያው የሚያልፍ መኪና ጠብቂና... አሃ። መኪና የለም። አየሽ፣ ጸጥታ ተመኘሽ፣ ጸጥታ አገኘሽ!... እሺ፣ አልስቅም። እኔ አልሳቅኩም፣ አቶ ኃይለመስቀል ናቸው የሳቁት።

— መንደሩ ሩቅ ነው?... እየገፋሽ ብትሄጂ ባቡሩ ያመልጥሻል።... ጽናት፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?... እሺ፣ ጉንፋን ነው። አምኛለሁ። አሁን ስሚኝ። ቦዩ ዳር ሣር አለ?... ሣር፣ ሣር።... እስከ ጉልበትሽ? የደረቀም አለው?... በጣም ጥሩ። እጨጂ።

— ለምን ይሆናል፣ ጎማው ውስጥ ልትጠቀጥቂው ነዋ!... ኧረ ደህና ነኝ። ትኩሳትም የለኝም። ትሰሚኛለሽ? የምልሽን ብቻ አድርጊ።... ይከለከላል? ማን ይከለክላል? ጠባቂ ቆሟል?... እንግዲያው እጨጂ። እንደ ጋሽ ወዳጆ ያለ የሣር ጠባቂ እዚያ የላቸውም።

— ማንኪያ ይዘሻል?... በእጀታው የጎማውን ጠርዝ ፈልቅቂ። ከአንድ ወገን ብቻ! ሁለቱንም ካወጣሽ አይመለስልሽም። የፈነዳውን የውስጡን ጎማ ተይው፣ እዚያው ይተኛ። ሣሩን እንደ ገመድ ጠምዝዢና ዙሪያውን ጠቅጥቂ። በቃ ሞላ ስትዪ፣ ሌላ ያን ያህል ጨምሪ። ስንት ሣር እንደምትበላ አታምኚም።... ስልኩን መሬት አስቀምጪውና ድምፁን ከፍ አድርጊው።

— ማን አስተማረኝ?... አባትሽ ነዋ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው፤ አልነገርንሽም። በግንቦት ከመሐል ሜዳ ከተማ ስንመለስ... አዎ፣ እኔም ነበርኩ። የት ልሆን፣ ከኋላው ነዋ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ።... ምን ያስቅሻል? ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ብስክሌት ላይ እንዳትወጣ ታውጇል? አቀበቱን በእግራችን፣ ቁልቁለቱን ተጭኜ። ጓሳው ዳር፣ የተከለለው ሣር ጋ ስንደርስ ጎማው ጧ አለ። ያን ዓመት ደግሞ ጓሳው ለአጨዳ ገና አልተፈቀደም፤ ለቤት ክዳን እንኳ አንዲት ዘለላ የሚነካ የለም። አባትሽ "ለሁለት ጭብጥ ሣር ማን ያየናል" ብሎ ገባ። ምን ሁለት ጭብጥ! አንድ ሸክም ነው የበላችው።

— ልንነሳ ስንል ጋሽ ወዳጆ፣ የጓሳው ጠባቂ፣ ዱላቸውን ይዘው ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ። ሣሩ በጎማው ጠርዝ እንደ ጢም ወጥቷል። ዞረው ዞረው አዩትና "ሁለት መምህራን ሆናችሁ!" አሉ። ከዚያ ደግሞ "እኔ በሬም በግም ከልክያለሁ፤ ብስክሌት ሣር እንደምትበላ ግን የነገረኝ የለም።"

— አይ፣ አልቀጡንም። አባትሽ አፍሮ "ላውጣው" ቢላቸው፣ "አንዴ ከበላች ምን ይደረጋል፣ ሂዱ" አሉን። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ባገኙት ቁጥር ሰው በተሰበሰበበት "መምህር፣ ዛሬስ አበላሃት?" ነው። አባትሽ ጥላቸውን ባየ ቁጥር በሌላ መንገድ ይዞር ጀመር።... እኔ? እኔማ በየትኛውም መንገድ ስቄአለሁ።

— የት ደረስሽ?... ግማሽ። ጎበዝ። እጅሽን እንዳይቆርጥሽ፣ ሣርም ይቆርጣል።

— ምኑ?... የቱ ድምፅ?... አቶ ኃይለመስቀል፣ እባክዎ ደወሉን አይንኩት!... ጽናት?... ሄሎ? አለሽ?

— አዎ። የአባትሽ ብስክሌት ደወል ነው።

— ልነግርሽ ነበር።... ዛሬ፣ በዚሁ ስልክ። ጎማሽን ጨርሺ ብዬ ነው። አቶ ኃይለመስቀል ብስክሌቷን ሊወስዷት ነው የመጡት።... አልሸጥኳትም፣ ምን ነካሽ። በጎች ሊከትቡ ከመንደር መንደር በእግራቸው ነው የሚዞሩት። እሷ ደግሞ ሁለት ክረምት ሙሉ የሱፍ ባና ለብሳ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እኔ የበግ ሱፍ ለብሼ አላውቅም፣ ብስክሌት ትለብሳለች።

— ተቆጣሽ?... ተናገሪ እንጂ።... ጽናት፣ አንቺ አይሆንም ካልሽ ከዚህ ቤት አትወጣም። እሳቸውም ይገባቸዋል። ቶሎ አትመልሺልኝ። ሣርሽን እየጠቀጠቅሽ አስቢበት።

— አቶ ኃይለመስቀል፣ ይቀመጡ፣ እያሰበች ነው።

— እ?... እሺ፣ እጠይቃቸዋለሁ። አቶ ኃይለመስቀል፣ "መንዳት ይችላሉ ወይ?" ትላለች።... ወታደር ቤት ሳሉ ነድተዋል።... "ቁልቁለት ላይ እግራቸውን ያነሳሉ ወይ?" ኧረ እንዴት ብዬ እንዲህ ያለ ነገር እጠይቃለሁ! እሱ የአባትሽ ዕብደት ነው፣ ያውም እኔን ጭኖ።... እሺ፣ እሺ። አቶ ኃይለመስቀል፣ አንድ ግዴታ አለብዎ። የሞላሌን ቁልቁለት ሲወርዱ ሁለቱንም እግርዎን ከፔዳሉ ማንሳት አለብዎ፤ አለዚያ ልጄ አትፈቅድም።... ተስማሙ። እየሳቁ ነው፣ ግን ተስማሙ።

— ይውሰዷት?... እርግጠኛ ነሽ?... እሺ። እሺ የኔ ልጅ።

— ሞላ? በይ ጠርዙን መልሺው። በጫማሽ እርገጪው፣ አትሳሺለት።... ገባ!... ይቆይ ይሆን ወይ? እስከ መንደሩ? ቆይ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ልይልሽ... ገመዱ አይደርስም። አቶ ኃይለመስቀል፣ እባክዎ ብስክሌቷን ወደዚህ ይግፉልኝ። የኋላውን ጎማ ወደኔ።... አዎ፣ ሙሉ ናት። ማንም አልነፋትም።

— ጽናት፣ ይቆያል። አሁን አውራ ጣቴን ጭኜበታለሁ። የአባትሽ እስካሁን አልረገበም።

— አዎ። ያው ሣር። "ነገ እጠግናታለሁ" ብሎ አስቀመጣት። ከዚያ ክረምት ገባ፣ ታመመ፣ ሳይነሳ ቀረ።... አይደለም፣ ጉንፋን ነው። የአንቺ ጉንፋን ሲሆን የኔ የማይሆንበት ምን ምክንያት አለ? እዚህ እኮ ሐምሌ ነው።

— ተነሽ በይ፣ ባቡርሽን። ቀስ ብለሽ ንጂ፤ የኋላውን ፍሬን ድንገት እንዳትይዢ።... ስልኩን ኪስሽ ውስጥ? ሳትዘጊው?... እሺ... ይሰማኛል። ኮሽ፣ ኮሽ ይላል። ልክ እንደዚያ ነበር የሚለው። ልክ እንደዚያ።

— አቶ ኃይለመስቀል፣ ጎማዋን የሞላት ነፋስ አይደለም፣ ሣር ነው።... በኋላ አጫውትዎታለሁ። አዲስ ጎማ ይገባላታል።... አይ፣ ተዉት፣ እኔው አወጣዋለሁ። እርስዎ ከዚያ ማንኪያ ያቀብሉኝ። ባናውንም መሬት ያንጥፉልኝ፣ አንዷም ዘለላ እንዳትበተን።

— ምን አልሽ?... አይ፣ ላንቺ አይደለም። አንቺ መንገድሽን እይ።... ጽናት! ወፏ ተቀየረች! ይቺ ሌላ ወፍ ናት፣ እየሄድሽ ነው!... ሄሎ?... ትሰሚኛለሽ?... ግድ የለም፣ ሂጂ። እኔ ልዝጋው።