ሳይቆረጥ የሚታየው ፊልም

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ በተሳፈርኩበት፣ በመርካቶ በኩል ወደ አብነት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ እናት ጥቅል አቡጀዴ ታቅፈው ገቡ። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎልማሳ ወሬ ጀመረ።

«ይሄ ሁሉ አቡጀዴ! ድንኳን ሊጥሉ ነው እንዴ እትዬ?»

«የምን ድንኳን! ልጄ የሠራችውን ፊልም ላሳይበት ነው። ግድግዳ ላይ እንወጥረዋለን።»

«የፍቅር ነው?»

«የጋዜጠኛ ነው። ዜናውን ማን እንደነገረህ አውጣ ይሉታል፤ አላወጣም ብሎ ይታሰራል።»

«ኧረ እትዬ! ይሄን ሲኒማ ቤት ያሳዩላታል?»

«እሺ ብለው ነበር። ኋላ የሚታሰርበትን ቦታ ቁረጪ አሏት። እምቢ አለች።»

«ብትቆርጠውስ? ስንት ዓመት የለፋችበት ከሚቀር።»

«እኔም እንደሱ ብያት ነበር።»

«እሷስ?»

«‹እማዬ፣ እሱን ካወጣሁትማ ፊልሙ ራሱ ፈራ ማለት ነው› አለችኝ።»

«ታዲያ የት ልታሳየው ነው?»

«ሶማሌ ተራ፣ የኔ ሱቅ ውስጥ። ጎረቤቶቼ ዕቃዬን ወደየሱቃቸው ወስደው ቦታ አስለቅቀውልኛል። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።»

«አይፈሩም?»

«እፈራለሁ እንጂ! ግን የፊተኛው ወንበር የኔ ነው።»

ታክሲው ሶማሌ ተራ ደረሰ።

«ወራጅ አለ!» አሉ እናት።

«ጥቅሉን ለኔ ይስጡኝ፣ ልያዝልዎት።»

«አንተም እዚህ ነህ ወራጅ?»

«አሁን ሆንኩ።»

እኔ እስከ አብነት ከፍዬ ነበር፤ ሶማሌ ተራ ላይ አብሬያቸው ወረድኩ።