አንድ ጥያቄ ብቻ የመለስኩበት ፈተና

በደርግ ጊዜ ነው፤ ቅኔ ቤቱን ትቼ ቢቸና ስድስተኛ ክፍል የገባሁ ሰሞን። ጢሜ አቆጥቁጧል። አዲስ የተመደበልን መምህር «የአእምሮ መለኪያ ነው» ብሎ ሠላሳ ጥያቄ አደለንና ሰዓቱን እያየ ቆመ። እኔ የመጀመሪያውን አነበብኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቅኔ ቤት የምናስበው እንዲህ ነው፤ የኔታ ለሁለት ስንኝ ሙሉ ቀን ይሰጡን ነበር፣ የቸኮለ ይገሠጻል። መልሱን ጽፌ ቀና ስል «ጊዜው አልቋል!» ተባለ።

በማግስቱ ውጤቱን ክፍሉ ፊት አነበበው። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ። «የአንተ ጭንቅላት ለዘመናዊ ትምህርት አልተሠራም፤ አኮፋዳህን ይዘህ ወደመጣህበት ብትመለስ ይሻልሃል» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ደሜ ፈላ፤ ብድግ አልኩ።

«መምህር፣ ስንት መለስኩ?»

«አንድ።»

«እሱስ ስህተት ነው?»

ወረቀቱን አየት አደረገና «ትክክል ነው» አለ።

«እንግዲያው ሃያ ዘጠኙን አልሳትኳቸውም፣ ገና አልደረስኩባቸውም። እደርስባቸዋለሁ!» አልኩና ቁጭ አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ደረስኩባቸውም። ሞጣ ሒሳብ ሳስተምር ስንት ዓመቴ! ፈተና በሰጠሁ ቁጥር ግን ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ኪሴ እከታታለሁ።