በሩን መልሶ የሚዘጋ አውሬ

እንዴት ዋልክ፣ ወንድም ዓለም? ሥራ እንዴት ነው? ጫማ ሰፊ መቼም ሥራ አያጣ፤ መንገድ እስካለ ጫማ ያልቃል... ለኔ አትቸኩል። መጀመሪያ የጋሼን ጨርስላቸው፤ አንድ እግራቸውን ካርቶን ላይ አሳርፈው ሲጠብቁ አያሳዝኑም? ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! በአንድ ጫማ የት ይደረሳል?

እኔማ የኩሬው ጉድ አድክሞኝ ነው። የምጠብቃቸው ዳክዬዎች አራት ጎደሉ አላልኩህም? እግዜር ይስጠውና አንድ ደግ ጎረቤት አለን፤ የአውሬ ነገር ያውቃል። መጥቶ ኩሬውን ዞረ፣ ሣሩን አሸተተ፣ "ይሄማ የዘበኛው ውሻ ሥራ ነው" ብሎ ለግቢው ባለቤት ለእትዬ መሰከረ። ለዳክዬዎቹ እንባም አፈሰሰላቸው! ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነበር የምሰማው... በበላበት የሚያለቅስም አለ ለካ።

እትዬም "እስከ ቅዳሜ ውሻህን አስወግድ" አሉኝ። ሰባት ዓመት ደጄን የጠበቀች ውሻ! ምን ላድርግ፣ በሰንሰለት አሰርኳት። በማግስቱ አምስተኛዋ ዳክዬ ሄደች። ታዲያ ምን ልበል? ሰንሰለቷን ፈትታ፣ ዳክዬዋን በልታ፣ ተመልሳ ራሷን አሰረች?

ደግሞ የኛ አውሬ ጨዋ ነው። ላባ አይበትን፣ ደም አያንጠባጥብ... ሲወጣ የአጥሩን በር መልሶ ይሸጉራል። ሽለምጥማጥ ይህን አስተዳደግ ከየት ያመጣዋል? እኔ መሃይሙ "ጌታ ሆይ፣ የአውሬውን ዱካ አሳየኝ" ብዬ ጸለይኩና በኩሬው ዳር ዳር አመድ ነሰነስኩ። የጠበቅኩት ጥፍር ነበር። ጠዋት ብሄድ... ተረከዝ! የግማሽ ጨረቃ ብረት የተመታበት፣ አንድ ሚስማር የጎደለው።

ልኩን በካርቶን ቆርጬ አምጥቼዋለሁ። የእጅህን ሥራ አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነው እንጂ ማንንም ጠርጥሬ አይደለም። እስቲ ለሙከራ ያህል እዚያ የያዝከው ላይ ለካው... ልክክ አለ? አይ፣ የጫማ ነገር ይመሳሰላል! ሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባችውን ነጭ ላባ ግን አውጣት፤ ማስቲሹ አይይዝልህም።

ጋሼ፣ ምነው አላበዎት? ጥላ ነው እኮ!

እኔ የዳክዬዎቹ አይደለም የቆጨኝ። ዳክዬ አፍ ቢኖራት "አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ" ትል ነበር። ውሻዬን ለምን ጨመራት? ያን ደግ ጎረቤት ብታገኘው ንገርልኝ፤ ጋሼም ካገኙት ይንገሩልኝ። ከቅዳሜ በፊት ወደ እትዬ ብቅ ብሎ "ውሻዋ ንጹሕ ናት፣ ተሳስቻለሁ" ካለልኝ ይህን ካርቶን እሳት ውስጥ እከተዋለሁ። ካላለም... እትዬ ካርቶን ማንበብ አያቅታቸውም።

ክፉ አልመኝለትም፣ ኧረ በጭራሽ! ጠዋት ጠዋት ስጸልይ እሱን ነው የማስቀድመው። "ጌታ ሆይ፣ ዕድሜውን አርዝምልን፤ ማዕዱን አታጉድልበት፤ እግሩን ከእንቅፋት ጠብቅለት... በረገጠበት ሁሉ ዱካው አይጥፋ።"