ቀርከሃ የለበሰው ድንች

ጋሽ ሽባባው እንጅባራ መናኸሪያ የደረሱት ገና ጠዋቱ ሳይሞቅ ነው። ቆሰበር በምትባለው በዚህችው እንጅባራ በድንች ንግድ የታወቁ፣ የከተማውን ንግድ ምክር ቤት ቤት ለቤት ዞረው አባል ለቅመው ያቋቋሙ፣ ማህተሙንም እስከ ዛሬ ከኮታቸው ኪስ የማይለዩ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን እንኳን ማህተሙን ራሳቸውንም የያዙ አይመስሉም ነበር። ልጃቸው ይኸነው በአይሱዙ ድንች ጭኖ፣ ራሱ እየነዳ ወደ ባሕር ዳር ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው። በወጣ ዕለት መንገዱ ተዘጋ ተባለ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ የልጁም ስልክ ዝም አለ። ማለዳ ላይ «እስከ ዳንግላ ተከፍቷል» ሲባል ሰሙና ቁርስ ሳይቀምሱ ያገኙት ሚኒባስ ውስጥ ገቡ።

የተረፈው ቦታ ከአንዲት ወጣት አጠገብ ያለው ብቻ ነበር። ዘወር ብለው ቢያዩ ማን ትሁን! ወርቅአየሁ ናት፤ የዳንግላ ንግድ ምክር ቤት ጸሐፊ። ሁለቱ ምክር ቤቶች እንዲዋሃዱ የነጋዴውን የድጋፍ ፊርማ የምታሰባስበው እሷ ናት። ትናንት መንገዱ እንደተከፈተ የመጨረሻዎቹን ፊርማዎች ልትወስድ መጥታ፣ ዛሬ መመለሷ ነው። ጋሽ ሽባባው ደግሞ ወደ ሱቃቸው በመጣች ቁጥር «የለም በሏት» እያሉ ሁለት ጊዜ መልሰዋታል።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ሽባባው? ዛሬስ አሉ!» አለች ፈገግ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» አሉ አፍረው። «አለሁ ከተባለ።»

ሚኒባሱ ተነሣ። ወትሮ በጨዋታ የሚደምቀው መኪና ዛሬ ጭጭ ብሏል። ከፊት የተቀመጡ እናት ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር «ኧረ በስላሴ!» እያሉ ያማትባሉ። ጋሽ ሽባባው ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ባዩ ቁጥር ከንፈራቸው በአገውኛ ይጸልያል።

ወርቅአየሁ ጭንቀታቸውን አይታ፣ ወሬ ያረሳሳቸው እንደሆነ ብላ ጀመረች።

«ቅዳሜ ጉባኤያችሁ ነው። ከቆሰበር ነጋዴ አብዛኛው ለውህደቱ ፈርሟል። የቀሩት እርስዎና እርስዎን የሚጠብቁት ናቸው። ምን አስፈራዎት?»

«እውነቱን ልንገርሽ። ዳንግላ የቆየ ከተማ ነው፤ ነጋዴው ብዙ፣ ምላሱም ስለታም። ዛሬ አንድ እንሁን ትሉናላችሁ፤ ነገ ማህተማችን ይወሰዳል፤ ከነገ ወዲያ የቆሰበር ሰው ለአንዲት ደብዳቤ ዳንግላ ድረስ ይንከራተታል። እኔ ይህን ምክር ቤት በእግሬ ዞሬ ነው ያቆምሁት። ሲፈርስ በዓይኔ ልይ?»

«ጽሕፈት ቤቱ በሁለቱም ከተማ እንደሚቀጥል እኮ የውህደቱ ረቂቅ ደንብ ላይ ተጽፏል። ሊቀመንበሩም አንድ ጊዜ ከእናንተ፣ አንድ ጊዜ ከእኛ ይሆናል። አላነበቡትም እንዴ?»

«አላነበብሁም» አሉ፤ ውሸት አይሆንላቸውም።

እዚህ ላይ በሽማግሌው መፍረድ ቀላል ነው። ረቂቁ ወር ሙሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ባነሱት ቁጥር ማህተሙ ከኪሳቸው ሲወጣ እየታያቸው መልሰው ያስቀምጡታል። የተማሩ ቢሆኑም ባይሆኑም ያው ነበር፤ ያላስነበባቸው ፍርሃት ነው።

«ደግሞ ገበያችንስ?» አሉ ቀጥለው። «አንድ ከሆንን ማን ምን እንደጫነ፣ ለማን እንደሚሸጥ ዳንግላ ሁሉንም ያውቃል። ደንበኞቻችንን ይነጥቁናል። ለዚህ አይደል ድንቹን ቀርከሃ የምናለብሰው!» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሽባባውና ባልንጀሮቻቸው መኪናው በድንች ጆንያ ከሞላ በኋላ ላዩን በቀርከሃ ይሸፍኑታል። በዳንግላ ሲያልፍ ያየው ሁሉ ቀርከሃ ነው ብሎ እንዲተወው፣ የዳንግላ ነጋዴም ነቅቶ ቀድሟቸው ባሕር ዳር እንዳይገባ ነው። ሹፌሩም አፉን እንዲዘጋ ይታዘዛል።

ወርቅአየሁ ሳቋ አመለጣት። «አይ ጋሽ ሽባባው! የእኛዎቹ ደግሞ ጭድ ነው የሚያለብሱት፤ አባቴም ጭምር። አምና ጥቅምት የእናንተ ቀርከሃና የእኛ ጭድ ባሕር ዳር በአንድ ጠዋት ሲራገፍ፣ ከሁለቱም ሥር ድንች ወጣ! ገበያው ተጥለቀለቀ፤ ሁለታችንም ገዢ ስንለምን ዋልን። ተነጋግረን ቢሆን እናንተ ማክሰኞ፣ እኛ ዓርብ እንልክ ነበር።»

«ጭድ!» አሉ ጋሽ ሽባባው፤ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«እኔም እኮ እፈራለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይህን መንገድ በወጣሁ ቁጥር እናቴ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። አንድ እንሁን የምለውም ለዚህ ነው። ዳንግላ ላይ ምክር ቤታችን ዘበኛ ያለው፣ በግንብ የታጠረ ግቢ አለው። መንገድ ሲዘጋ የአባል መኪና እዚያ ያድራል፤ ሹፌሩ ይበላል፤ ቢታመም ሐኪም ቤት ይወሰዳል። የእናንተ ሰው ግን ቢጠሩትም አይገባም። ይኸው ከተማው መግቢያ ላይ ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ ሦስት ቀን ቆሟል። ትዕዛዙ የሚባለው ዘበኛችን ሄዶ ‹ግባ፣ ቦታ አለን› ቢለው፣ ሹፌሩ ‹ቀርከሃ ነው የጫንሁት፣ ምንም አልሆንም› ብሎ መለሰው። ትናንት ጠዋት ከወደዚያ ተኩስ ስንሰማ ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ይሆን እያልን ነበር።»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ።

«መኪናው ሰማያዊ ነው?»

«አዎ፣ ሰማያዊ ነው።»

«ወይ ጉዴ! ልጄ ነው! የኔ ይኸነው ነው!»

በመካከል ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ እስከ ዳንግላ ያለው መንገድ አላልቅ አለ። ልጁን ሲሸኙት የተናገሩት ቃል አሁን ተመልሶ ያቃጭልባቸዋል፦ «ዳንግላ ውስጥ ምን እንደጫንህ ለነፍስ አባትህም እንዳትናገር!» ይኸነው ደግሞ የአባቱን ትእዛዝ የሚያጥፍ ልጅ አይደለም። ወርቅአየሁ የሚኒባሱን ሹፌር «እባክህ ፍጠን» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ውህደት አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ደግ አደረገች።

መኪናው እዚያው ቆሟል። ጋሽ ሽባባው ሚኒባሱ በቅጡ ሳይቆም ወርደው እየሮጡ በሩን ከፈቱት። ይኸነው ወንበሩ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተጋድሟል፤ ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አባቱን ሲያይ ዓይኑን በግድ ገለጠ።

«አባባ» አለ። «ለማንም አልተናገርሁም።»

ጋሽ ሽባባው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ወርቅአየሁ ሮጣ የጠራችው ዘበኛው ትዕዛዙ በባጃጅ መጣ፤ ልጁን ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። «ከባድ ወባ ነው» አለች ሐኪሟ። «ደግነቱ ደርሳችሁለታል፤ ይድናል።» መድኃኒቱ ሲጀመርለትና ትንፋሹ ረጋ ሲል አይተው፣ ሽማግሌው ወደ መኪናው ተመለሱ። ዘበኛው ትዕዛዙ በሹፌር አስነድቶ ወደ ግንቡ ግቢ አስገብቶት ነበር። ኮታቸውን አወለቁና ላዩ ላይ ወጥተው፣ የዳንግላ ነጋዴዎች እያዩ፣ ቀርከሃውን በገዛ እጃቸው እየመዘዙ ጣሉት። ከሥሩ ያለው ድንች ታፍኖ መበላሸት ጀምሯል። የወርቅአየሁ አባት አቶ ወገኔ እጅጌያቸውን ሰብስበው መልቀም ጀመሩ። «በኔ ጭድ ቢሸፈን ኖሮ ይኸም አይተርፍም ነበር» አሏቸው። ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጡ፤ ደህናውን ከተበላሸው ለይተው ጥላ ሥር አስቀመጡት።

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሽ ሽባባው ረቂቁን አስመጥተው፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ከዚያም ፈረሙ።

ቅዳሜ በጉባኤው ላይ ክንዴ የሚባል የማር ነጋዴ ተነሥቶ «ዳንግላ ቢውጠንስ?» ሲል ጠየቀ። ጋሽ ሽባባው ማህተሙን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እኔም ይኸን ፈርቼ ነበር» አሉ። «አሁንም ትንሽ እፈራለሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ግን ጽሕፈት ቤታችን ከዚህ አይነሣም። የጭነት ቀን ተከፋፍለን ስንልክ ገዢ ፊት አንለማመጥም። ስለ መንገዱ አቤት ስንል የሁለት ከተማ ነጋዴ በአንድ ድምፅ ይናገራል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የነሱ ግቢ ግቢያችን ነው፤ የኛም ለነሱ። እኔ ከዳንግላ የደበቅሁት ድንቼን መስሎኝ ነበር። ለካ ልጄን ነው የደበቅሁት!»

ክንዴ ተቀመጠ፤ ድምፅ ሲሰጥም እጁን አወጣ።

ከወር በኋላ፣ ለቆሰበር በተመደበው ማክሰኞ፣ ይኸነው አገግሞ መሪ ጨበጠ። ጆንያዎቹ ያለ ቀርከሃ ተደርድረዋል። እናቱ ስታማትብ፣ ጋሽ ሽባባው ወደ መኪናው መስኮት ተጠጉ። ፍርሃቱ ከፊታቸው አልጠፋም።

«ዳንግላ ስትደርስ ቁም» አሉት። «ምን እንደጫንህም ንገራቸው።»