ውሃ የተከለከለበት ክፍል

እማማ ጥልፌ የልጅ ልጃቸውን ደግፈው ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከሲስተር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሲስተር የላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ናት፤ ነርስነት ተምራ ከተመረቀች አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከሥራ ወጥታ ልትተኛ ወደ ቤቷ እየወጣች ነበር።

«ደህና አደሩ እማማ? ሚጡ ምን ሆና ነው እንዲህ ኩርምት ያለችው?»

«ደህና እንዳላደርን እያየሽ!» አሉ እማማ ጥልፌ። «ወገቤን ወጋኝ ትላለች። ትናንት ከስፌት ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ ወደቀች አሉኝ። ሰውነቷ እሳት ሆኗል። መርፌ ላስወጋት ነው የምሄደው፤ ጠንከር ያለ መርፌ!»

ሲስተር ቦርሳዋን ደረጃው ላይ ጣል አድርጋ የሚጡን ግንባር ዳሰሰች፤ ከጎድኗ በታች በስተኋላ ስትነካት ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድሽ?»

ሚጡ አያቷን ሰረቅ አድርጋ አየች። «አንድ ጊዜ። ቤት ከገባሁ በኋላ።»

«ውሃስ ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ እኮ» አለች ሚጡ፣ ሌላ ማብራሪያ የማያስፈልገው መልስ የሰጠች ይመስል።

የእማማ ጥልፌ ደም ፈላ። «እኔ የምትነድ ልጅ ይዤ፣ አንቺ ብርጭቆ ታስቆጥሪያለሽ? እልፍ በይልኝ ልጄ!»

«እልፍ አልልም፤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አለች ሲስተር። «ምርመራ ያስፈልጋታል፣ መድኃኒትም ሳያስፈልጋት አይቀርም። ግን ተወግታ ወደዚያው ወንበር ከተመለሰች፣ በወሩ እዚሁ ደረጃ ላይ እንደገና እንገናኛለን።»

ስለዚያ ወንበር ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማስረዳት ይገባል። ሚጡ የምትሠራው የሙሽራ ቀሚስ በሚሰፋበት ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። ነጩ ሐር አቧራ እንዳይነካው መስኮቶቹ ዓመቱን ሙሉ አይከፈቱም። ጠብታ እንዳያርፍበት ውሃ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እጅ እንዳይዘናጋ ወሬ ክልክል ነው። ከማሽን ላይ የተነሳች ሴት በዓይን ትገረፋለች። ስለዚህ ሴቶቹ አንድ ዘዴ ፈጥረዋል፤ ሽንት እንዳይመጣባቸው ከቤት ሲወጡ ጀምሮ ምንም አይጠጡም። ይህን ዘዴ የምታውቅ ሰፊ ጎበዝ ትባላለች። እማማ ጥልፌም እዚያው ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፍተዋል፤ ጎበዝም ተብለዋል።

ክሊኒኩ ደርሰው ሚጡ ናሙና ከሰጠች በኋላ ውጤት ለመጠበቅ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እማማ ጥልፌ ግን ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም።

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ጉንጭ ሳልቀምስ ውዬ ገብቻለሁ። ይኸው አለሁ!»

«አሉ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ባለፈው ዓመት በኩላሊት ጠጠር እየጮሁ ሌላው ፎቅ ድረስ የተሰማው ግን የማን ድምፅ ነበር?»

«እሱ… እሱ የእርጅና ነው!»

«ሁሉም ባይሆን ግማሹ የጥማት ነው እማማ። ጠጠር ከሰማይ አይወርድም።»

አጠገባቸው የተቀመጠ በሽተኛ ሳቁን አፈነ። እማማ ጥልፌ በዓይናቸው ገላመጡትና ወደ ሲስተር ዞሩ።

«የዛሬ ልጆች ራሳችሁን ማባበል ትወዳላችሁ። ውሃ ልጠጣ፣ አየር ልውሰድ፣ እግሬን ላፍታታ! እንዲያ ስትሉ ይመሽና ሥራው የታል? እኛ እኮ ሥራ ነው የተማርነው፤ መሽሞንሞን አልተማርንም።»

ሲስተር እስከዚህ ድረስ ታግሳ ነበር። አሁን ግን ፊቷ ቀላ። «እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚያ ክፍል የስፌት ማሽኖቹ ዘይት የሚጠጡት በየስንት ጊዜው ነው?»

«በየጠዋቱ ነዋ! ማሽን ሳይጠጣ ሊሠራ?»

«ማሽኑ በየጠዋቱ ይጠጣል፤ ሴቷ ግን አትጠጣም!» አለች ሲስተር፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «ለብረት ያዘናችሁትን ያህል ለሥጋ ብታዝኑ ምን ነበረበት? ይህ ጨዋነት አይደለም እማማ፣ ጉብዝናም አይደለም። ጭካኔ ነው! በራስ ላይ የተፈጸመ ስለሆነ ብቻ የሚከሰስበት ሰው ጠፋ።»

እማማ ጥልፌን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ የተናገራቸው ሰው አልነበረም። ወደ ሚጡ ዞሩ። «ተናገሪ እንጂ አንቺ! ከፍቶሽ ያውቃል? እኔን ‘ደህና ነኝ’ አይደል የምትዪኝ በየቀኑ?»

ሚጡ የሹራቧን ጫፍ ታፍተለትል ነበር።

«እንቅልፍ አይወስደኝም እምዬ» አለች በመጨረሻ። «አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬን ስነካካ ይነጋል። ጠዋት ያ መስኮት ሲታሰበኝ ሆድ ይብሰኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሥራ ከመግባቴ በፊት ሰው በሌለበት ደረጃ ላይ ትንሽ አልቅሼ፣ ፊቴን ጠርጌ እገባለሁ።»

«ለኔ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ምንሽ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። የመጀመሪያ ቀን ስትወስጂኝ ‘ጎበዝ ሰፊ ውሃ አይጠማትም፣ ሽንት አይመጣባትም፣ ሆድ አይብሳትም’ አልሽኝ። ጎበዝ መሆን ፈልጌ ነው።»

ያች አረፍተ ነገር ከየትኛውም የሐኪም መርፌ ይልቅ እማማ ጥልፌን ወጋቻቸው። ይህችን ልጅ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከብርድና ከመኪና፣ ከክፉ ጓደኛና ከባዶ ሆድ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከራሳቸው ምክር ግን አልጠበቋትም። ነጠላ ጫማቸውን እያዩ አቀረቀሩ።

ውጤቱ መጣ። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቷ ደርሷል። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላትና፣ አንድ ሳምንት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ አልጋ ትይዝ እንደነበር ሳይሸፋፍን ነገራቸው።

እማማ ጥልፌ ከሐኪሙ ክፍል እንደወጡ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፤ የመድኃኒቱን ፖስታ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«በይ ሲስተር፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ልጻፈው።»

«መጀመሪያ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ትጨርስ። እሱ ዛሬ ያለውን ይገድላል፤ የነገውን የሚከላከለው ልማድ ነው። ውሃ በአንዴ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ትንሽ በትንሽ። ሽንት ሲመጣ መሄድ እንጂ መያዝ የለም። በየሰዓቱ ከወንበር መነሳት፣ ወገብን ማፍታታት፣ ዓይንን ከመርፌ ቀዳዳ ላይ አንስቶ ሩቅ ማየት።»

«ቆዪ፣ ቆዪ… ሩቅ… ማየት። ቀጥዪ።»

«ጠዋት በእግሯ ትሂድ፤ ፀሐይና አየር ያግኛት። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ የመኝታ ሰዓቷ የማይለዋወጥ ይሁን። ደግሞ ሆዷ ውስጥ ያለውን የምታወጣለት ሰው ትፈልግ፤ ሳይፈርዱ የሚሰማት። ይህን ሁሉ አድርጋ ኀዘኑ ካልለቀቃት ተመልሳ ትምጣ፤ እሱም እንደ ኩላሊቱ ሐኪም አለው፣ አያሳፍርም።»

«የሚሰማትስ እኔ ነኝ» አሉ እማማ ጥልፌ፣ እየጻፉ።

«እርስዎ ይቆጣሉ።»

«አልቆጣም አልኩሽ!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ደግሞ ሦስቱም ሳቁ።

በማግሥቱ ሚጡን አስተኝተው፣ ለአልጋዋ ቅርብ ውሃ አኑረው፣ እማማ ጥልፌ ወደ ስፌቱ ቤት ገሰገሱ። መንገዱን ሙሉ ብቻቸውን ያጉረመርማሉ። በሩን ሲከፍቱ የክፍሉ ወበቅ ፊታቸው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጠፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተንፍሰውት ያልታወቃቸው አየር አሁን አፈናቸው። የካውያው እንፋሎት ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሏል፤ የመስኮቶቹ ዳር በፕላስተር ታሽጓል።

ሠራተኞቹ ጋሽ መቀስ የሚሏቸው ባለቤቱ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጠመጠሙ ብድግ አሉ።

«እንዴ! አንቺ ነሽ? ልጅቷ ተሻላት? ማክሰኞ የሚረከቡት ቀሚስ አለኮ—»

«ቀሚስህን እዚያው! አንተ ሰውዬ፣ ሰው ልትገድል ነው? ልጄን ኩላሊቷን አሳመምክብኝ! መስኮት ዘግተህ፣ ውሃ ከልክለህ፣ አፍ ዘግተህ! እስር ቤት እንኳ ውሃ ይሰጣል!»

ማሽኖቹ ተራ በተራ ዝም አሉ። ጋሽ መቀስ አልተቆጡም፤ ግራ የተጋቡ ይመስላሉ።

«እኔ ነኝ የከለከልኩት?» አሉ። «እትዬ፣ ረስተሽው ነው? ደንቡን ያወጣሽው እኮ አንቺ ነሽ። የክፍሉ አለቃ ሆነሽ፣ አንዷ ሰፊ ቀሚስ ላይ ብርጭቆ ውሃ የደፋች ጊዜ። ‘ከዛሬ ጀምሮ ውሃ በዚህ በር አይገባም’ ያልሽው በዚያ መቀመጫ ላይ ቆመሽ ነው። እኔማ ይበዛል ብዬሽ ነበር።»

እማማ ጥልፌ መቀመጫውን አዩት። እውነት ነው። ያን ቀን ያጨበጨቡላቸውም ትዝ አሏቸው። ብዙ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ‘ጊዜው እንዲያ ነበር’ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እሳቸው ግን ያ ሁሉ ቁጣቸው ዞሮ በራሳቸው ላይ ወረደ እንጂ አልበረደም።

«እንግዲያው ያወጣሁት እኔው እሽረዋለሁ!» አሉ። «ደደብ ነበርኩ!»

«ሐሩስ? ጠብታ ካረፈበት ምልክቱ አይለቅም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ! ውሃው እዚህ ይግባ አላልኩም፤ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጥ። እነሱ ይውጡና ይጠጡ፣ እጃቸውን ታጥበው አድርቀው ይመለሱ። ቀሚሶቹን በንጹህ አንሶላ ሸፍንና ሁሉም በወጡበት ሰዓት መስኮቱን ክፈት። ደግሞ ወዲህ ና።» ከመስቀያው አንዱን ያለቀ ቀሚስ አውርደው ወገቡን ገለበጡት። ስፌቱ ዳርና ዳር ቢጫ ጥላ ይታያል። «ይህን ምን አመጣው?»

«ጨርቅ አቅራቢው ነው። አሮጌ ሐር እየሸጠልኝ—»

«ላብ ነው! በታፈነ ክፍል ውስጥ የላበ እጅ ነው። ከውሃ ሸሽተህ ላብ ውስጥ ነከርከው!»

ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ሆኖም የሰው ልጅ የለመደውን በቀላሉ አይለቅም፤ እሳቸውም ወደ ሴቶቹ ዞረው የመጨረሻ ክርክራቸውን አቀረቡ።

«ግን አንዳቸውም አማርረው አያውቁም። የከፋት አለች? በሉ ተናገሩ፤ ዛሬ ፈቅጃለሁ።»

ጥግ ያለችው፣ በዕድሜ የምትበልጠው ሰፊ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ አሁን ይዤ ነው ያለሁት።»

«ምኑን?»

«ሽንቴን ነዋ! ከገባሁ ጀምሮ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ መቀስ ደንግጠው «ሂጂ! ኧረ ሂጂ!» አሉ። ሴትየዋ ስትነሳ አጠገቧ ያለችውም ተነሳች። ቀጥሎ ሦስት። ቀጥሎ ሁለት። ከአሥሩ ሴቶች ሰባቱ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ሲሰለፉ ሽማግሌው ባዶ ወንበሮቹን እየተመለከቱ ፊታቸው ተለወጠ። ሳቁ የሌሎቹ ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም።

«ይህን ሁሉ… እፊቴ ተቀምጠው?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ መቀሳቸውን አነሱና የመስኮቱን ፕላስተር ራሳቸው ይቀድዱት ጀመር።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ኮሪደሩ ላይ ክዳን ያለው ትልቅ የውሃ ማሰሮና የእያንዳንዷ ኩባያ ተቀምጧል። በየሰዓቱ ማሽኖቹ ይቆማሉ፤ ሴቶቹ ወገባቸውን ያፍታታሉ፣ በመስኮቱ ሩቅ ያያሉ፣ ያወራሉም። ከሰዓት በኋላ የሚመጣባቸው ራስ ምታት ቀነሰ። እንደገና የሚፈታ ጠማማ ስፌት ቀነሰ፤ ዓይኑ ያረፈ ሰው መስመር አይስትምና። ቢጫው ጥላም አዲሶቹ ቀሚሶች ላይ አልታየም። የጠፋ ሥራ የለም። የጠፋው ሥቃይ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጀመሪያው ለማንም አይጠቅምም ነበር። ታዲያ ሰው ሥቃዩን ለምን እንደ ሙያ ያወርሳል? ለሚወዳት ልጁ፣ በገዛ አፉ!

ሚጡ ለመጨረሻ ምርመራ የሄደች ቀን ውጤቷ ንጹህ ሆኖ ወጣ። ሲመለሱ ታክሲ አልያዙም፤ በእግራቸው ሄዱ። ልጅቷ ስለ እናቷ ጀመረች፤ የማታስታውሰውን የእናቷን ድምፅ በሕልሟ እንደምትሰማው፣ ለማንም ተናግራው እንደማታውቅ። ከዚያ ስለ አንድ የሚያስቃት ልጅ፣ ስለምትፈራው ነገር፣ ስለምትመኘው ሙያ። እማማ ጥልፌ ሁለት ጊዜ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሁለቴም መልሰው ዘጉት። ጉልበታቸውን አመም ሲያደርጋቸው ቀና ብለው ቢያዩ፣ የቤታቸውን በር አልፈው ሁለት መንገድ ተሻግረዋል።

«አለፍነው እኮ እምዬ!» አለች ሚጡ፣ ደንግጣ።

«ዝም በይ፣ አውቄ ነው» አሉ እማማ ጥልፌ፣ ክንዷን ጠበቅ አድርገው ይዘው። «ቀጥዪ። ከዚያስ?»