እራፊ በልብስ ሰፊው ቤት

ያኔ እኔ ላይኛው ፎቅ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ምድር ቤት እንኖር ነበር። ዛሬ ሕንፃው ፈርሶ ሌላ ቆሞበታል፤ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ሰፈርተኛው «አቶ መርፌ» ይላቸው ነበር፤ ስለ ሙያቸው ሳይሆን ስለ ምላሳቸው።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ሱሪ ላሳጥር ምድር ቤት ወዳለው ሱቃቸው ወርጄ ሳለሁ፣ አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ካርቶን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ካርቶኑ ውስጥ፣ ጀርባዋ ላይ እራፊ የተጣፈ የሚመስል ነጭ ቦታ ያላት ጥቁር ውሻ ኩርምት ብላ ትንቀጠቀጣለች።

«ልጄ፣ ምን ይዘሽብኝ መጣሽ?» አሉ አቶ መርፌ መኪናቸውን አቁመው።

«ይቅርታ አባባ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ነው። ባዶ መጋዘን ውስጥ ታስራ ነው ያገኘናት። የእንስሳት መጠለያችን ሞልቶ፣ ለጥቂት ሳምንት የሚያስጠጋት ሰው ፍለጋ ስዞር ዋልኩ።»

«ውሻ? ቤት ውስጥ? እኛ ስናድግ ውሻ የሚያድረው በር ላይ ነበር። የተረፈውን ይበላል፣ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፣ አለቀ!»

«እውነትዎን ነው። ያ ውሻ ግን ቤተሰቡን እያወቀ ያደገ ነው። ይቺ የምታውቀው ሰንሰለትና ዱላ ብቻ ነው። ዛሬ ሰው ሲጠጋት ትሸማቀቃለች፤ ነገ ከፍርሃቷ ብዛት ትነክሳለች። የምትነክስ ውሻ ማን ይወስዳል?»

«ታዲያ መጠለያው ምን ሊሠራ ተከፈተ?»

«ያበላታል፣ ያክማታል። ሰው ማመንን ግን ከፍርግርግ ኋላ ሆና አትማርም። የወንበር ጉተታ፣ የበር ኳኳታ፣ የእንግዳ ሳቅ መልመድ አለባት። ለዚህ ደግሞ እንደ እርስዎ ሱቅ ያለ ቦታ የት ይገኛል?»

ሽማግሌው ደስ እንዳላቸው ላለማሳየት ክር ማጥለቅ ጀመሩ።

«ፀጉሯስ? የሙሽራ ልብስ ነው እኮ የምሰፋው!»

«ታጥባለች፣ ተከትባለች። ጥግ ላይ መኝታ ያድርጉላት፣ ያበጥሯት። የሚረግፈው ብሩሹ ላይ ይቀራል።»

ክሩን አስቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከለመደችኝ በኋላ መጥተሽ ስትወስጃት እኔ ምን ልሁን? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ መሸኘት ሰልችቶኛል» አሉ።

ለካ ነገሩ የፀጉር አልነበረም! ሐኪሟም ገባት፤ ካርቶኑን መሬት አስቀምጣ ጠጋ አለቻቸው።

«ማዘንዎ አይቀርም አባባ፣ አልዋሽዎትም። ግን ዛሬ የሚቀበላት ካጣች፣ ነገም የራሷ የሚሆን ቤት አታገኝም። የሙሽራዋንስ ልብስ ለፍተው ሰፍተው ይሰጡ የለ?»

«ልብስ ጅራቱን አይቆላም፣ ልጄ!»

ሦስታችንም ሳቅን። ዝናቡ ሲያባራ ሐኪሟ ሄደች፤ ካርቶኑ ቀረ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሻዋ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አልወጣ አለች። ሽማግሌው ሊጎትቷት ሲሉ፣ ልትጠይቃት የመጣችው ሐኪም ከለከለቻቸው፤ «ራሷ ትምጣ» አለች። ስለዚህ ያ ኩሩ ሰው መሬት ላይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት እየተቀመጡ ስለ ጨርቅ ዋጋ ያጫውቷት ጀመር። ስሟን «እራፊ» አሏት። መኪናውን በእጃቸው ቀስ አድርገው እያዞሩ ቁራጭ ሥጋ ይሰጧታል፤ እየዋለ እያደረ ከፔዳሉ አጠገብ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ደንበኛ ሲገባ፣ «አትጎንበስባት! አትቸኩል! እስክታሸትህ ቁም!» ይላሉ። ውሻ ባዩ ቁጥር ድንጋይ ያነሱ የነበሩ የሰፈር ልጆች፣ «አባባ፣ እንንካት?» ብለው ፈቃድ መጠየቅ ለመዱ።

በመጨረሻ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ለዘለቄታው ሊወስዷት መጡ። እራፊ ሽማግሌውን አየች፣ የሴትየዋን እጅ አሸተተች፣ ከዚያ ጅራቷን እየቆላች ተከተለቻቸው።

«አልፈራችም፤ አያችሁ?» አሉ አቶ መርፌ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

«ተጸጸቱ እንዴ?» አልኳቸው በማግስቱ።

«ከፍቶኛል እንጂ አልተጸጸትኩም። የፈራ ውሻ ይነክሳል፣ የተነከሰ ሰው ድንጋይ ያነሳል፤ ሁለቱም እንደተፈራሩ ይኖራሉ። አንድ ቤት ለጥቂት ጊዜ በሩን ሲከፍት ግን አንዷ ትድናለች፣ መጠለያው ለሌላ ቦታ ያገኛል፣ ልጆቻችንም ርኅራኄ ይማራሉ። ለእኔም ቢሆን፣ ጠዋት ተነስቼ እንደምን አደርሽ የምላት ነበረችኝ። ይህን ቀላል ነገር አድርገህ አትየው።»

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በሥራ ሰዓት ሱቃቸውን ሲዘጉ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

«ወዴት ነው?»

«ወደ መጠለያው። ማንንም አላስጠጋ ያለ ሽማግሌ ድመት አለ አሉኝ» አሉ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ። «እስቲ ሽማግሌ ለሽማግሌ እንነጋገር።»