አሥራ አራት ቁጥር ጠረጴዛ

(የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት፤ አሮጌው የንድፍ ክፍል እየተለቀቀ ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ሰናይትና ጡረታ የወጡት አናጺ ጋሽ መንገሻ ከቀሩት ሁለት ጠረጴዛዎች አጠገብ ቆመዋል።)

ሰናይት፦ ለአርባኛ ዓመቱ ኤግዚቢሽን የሚቀረው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ። እሱም ተመርጧል።

መንገሻ፦ ማን መረጠው?

ሰናይት፦ ኮሚቴው። ሥሩ እዚሁ የተማሩት ሚኒስትር ስም አለበት።

መንገሻ፦ ሚኒስትሩ! የመጀመሪያ ንድፉ ደረጃ አልነበረውም። ሰዉ ፎቅ የሚወጣው በጸሎት ነበር።

ሰናይት፦ ይቺንማ ኤግዚቢሽኑ ላይ አንጽፋትም።

መንገሻ፦ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ስንጀምር ሠላሳውንም ጠረጴዛ የሠራሁት በእነዚህ እጆች ነው። ኮሌጅ ተባለ፣ ፋኩልቲ ተባለ፣ አሁን ደግሞ ኢንስቲትዩት። አንድ ቀን ምን ለምኜ አውቃለሁ? ይህን አሥራ አራት ቁጥርን ተዉልኝ።

ሰናይት፦ ነገ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። አዲሱ ሕንፃ ኮምፒውተር ነው የሚገባበት።

መንገሻ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። እስቲ ሥር ገብተሽ እዪው።

ሰናይት፦ በዚህ ቀሚስ?

መንገሻ፦ ስትመረቂም ቀሚስ ነበር የለበስሽው፤ በጀርባሽ ተኝተሽ ጽፈሻል። ደንቡን ረሳሽው? የገባሽ ቀን ስምሽን፣ የተመረቅሽ ቀን ዓመተ ምሕረቱን።

ሰናይት፦ እሺ፣ ገባሁ። አራት ስም አለ። ሁሉም ዓመተ ምሕረት አለው። መሃሉ ግን... ጎድጎድ ብሏል። ማን ነው የላገው?

መንገሻ፦ እኔ።

ሰናይት፦ የማንን ስም?

መንገሻ፦ የአምሃን። የልጄን።

ሰናይት፦ ልጅዎ እዚህ ተምሯል?

መንገሻ፦ እስከ ሁለተኛ ዓመት። በቀይ ሽብር ጊዜ እዚሁ ከተቀመጠበት ወሰዱት። ክፍሉ ሊፈተሽ ነው ተባለ። ስሙን ካዩ አብሮት የተጻፈውን ሁሉ ይለቅማሉ ብዬ መላጊያዬን ይዤ ገባሁ። ያን ፊደል ምን ያህል ተጠንቅቆ ነበር የጻፈው መሰለሽ! በሦስት ግፊት አለቀ።

ሰናይት፦ ጋሼ...

መንገሻ፦ መቃብር የለውም። ቤት የነበረውን ደብተሩን ሁሉ እናቱ በፍርሃት አቃጠለችው። በእጁ የጻፈው የቀረኝ እሱ ነበር፤ እሱንም እኔው አጠፋሁት።

ሰናይት፦ ምን ያድርጉ ታዲያ? ፈታሾቹ ቢያገኙት ኖሮ...

መንገሻ፦ የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እነሱ ግን አልመጡም፣ ልጄ። ክፍሉን ማንም አልፈተሸም።

ሰናይት፦ ...በዚያ በኩል ይያዙልኝ፣ ጋሼ። ኤግዚቢሽኑ ውስጥ ገልብጠን ነው የምናስገባው።